ሳልወርድ ያለፍኳት ቁልቁለት

ብስክሌትን የፈለሰፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጎጃምን አያውቃትም ነበር። ቢያውቃት ኖሮ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት "ለመሆኑ ከዚህ ነገር ላይ በክብር የሚወረደው እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ ያሰበው ስለ መሄድ ብቻ ነው። መሄድ ደግሞ እኛ ዘንድ የማንም ሥራ ነው፤ አህያም ይሄዳል። ጨዋ ሰው የሚታወቀው በአወራረዱ ነው።

ላላወቀ ላስረዳ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይወርዳል። ሽማግሌ ሲያጋጥመው ይወርዳል። ቄስ ሲያገኝ፣ ለቅሶ ሲደርስበት፣ በትልቅ ሰው ደጅ ሲያልፍ ይወርዳል። ወርዶ ይሳለማል፣ እጅ ይነሣል፣ የልጁን፣ የከብቱን፣ የማሳውን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ከተመረቀ በኋላ እንደገና ይወጣል። የመጀመሪያዋ ብስክሌት ፍኖተ ሰላም ስትገባ ታዲያ አገሬው ስብሰባ ሳይጠራ፣ አዋጅም ሳያስነግር፣ በአንድ ጀምበር ከበቅሎ ተርታ መደባት። ሰው ትሸከማለች፤ ኮርቻ አላት፤ ደስ ባላት ጊዜ ትጥላለች። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እኔ በዚያን ጊዜ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ብስክሌቴን የገዛኋት ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ደወሏ ከመጮኽ ይልቅ የሚያስነጥስ ነበረች። በገዛኋት በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ሲመጡ አየሁና ከላይዋ ሆኜ ባርኔጣዬን አንሥቼ "እንደምን ዋሉ አባቴ" ብዬ አለፍኩ። ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከገበያው ተነሥቶ ትምህርት ቤት ደረሰ። አዛውንቱ "መምህሩ ብረት ላይ ተኮፍሶ ሰላም አለኝ" ብለዋል። በማግስቱ ርእሰ መምህራችን አስጠርተው፣ "ጨርሶ ሰላም ባትላቸው ይሻል ነበር" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መውረድ ጀመርኩ። ስጀምር ደግሞ ልክ አላውቅም። ለቤተ ክርስቲያን ወረድኩ፤ ለሽማግሌ ወረድኩ፤ ለዳኛ፣ ለዳኛ ወንድም፣ ከሩቅ ዳኛ ለሚመስል ሰው ሁሉ ወረድኩ። አንዳንድ ጊዜ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ጋቢ ነው ብዬ ወርጄ ባርኔጣዬን አውልቄ ስጠብቅ ላም ሆና ታልፋለች። ላሚቱንም ቢሆን አልተቀየምኳት። አወራረዱ የራሱ ጥበብ ነበረው፤ ቀኝ እግሬን በኮርቻው ላይ አሳልፌ፣ የጫማዬን ሶል መሬት ላይ እየጎተትኩ፣ በአንድ እጄ መሪውን በሌላው ባርኔጣዬን ይዤ፣ ከቆምኩበት ሳልንገዳገድ እጅ እነሣለሁ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ነው። በብስክሌት ሦስት ሩብ ይፈጅብኝ ጀመር።

ይህን ሁሉ ጨዋነት ያበዛሁት ለነፍሴ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ በቡሬ መንገድ ዳር፣ ግራዝማች አድማሱ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ግራዝማች የሻረግ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። የሻረግን አንድ ቅዳሜ ገበያ አይቻታለሁ። እናቷ በበቅሎ ሲመጡ እኔ በደንቡ መሠረት ልወርድ ስል የሱሪዬ ጫፍ ካቴናው፣ የብስክሌቷ ሰንሰለት፣ ውስጥ ገባና ወገቤን አጥፌ እንደ ቀረሁ ተሰናከልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ ቀረበችና ካቴናውን በጣቷ ወደ ኋላ አዙራ ሱሪዬን አወጣችልኝ። ጣቷ በቅባት ጠቆረ። ያን ቀን ወደድኳት፤ ሌላ የተለየ ታሪክ የለኝም።

ሽማግሌ ላክሁ። ዋናው መሪጌታ ይስማ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ በነገር መካከል ገብተው የማያስታርቁት ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ በልተው ጠጥተው ተመለሱ። ግራዝማች እሺም እንቢም አላሉም። በሦስተኛው ጊዜ ግን አንድ ቃል ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ግራዝማች ምን አሉ መሰለህ? 'ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲታይ ሁሉም ጨዋ ነው። እኔ ሰውን የማየው መንገድ ላይ፣ ከበቅሎው ሲወርድ ነው' አሉ።"

ደስታዬን አልቻልኩትም። በመላው ጎጃም በመውረድ የሚያህለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ከተማችን ውስጥ የስፖርት ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው አባላት አምስት ሲሆኑ፣ ከአምስቱ አንዱም ብስክሌት አይነዳም፤ ሁለቱ መንገድ ሲሻገሩም ተደግፈው ነው። እነዚህ ሰዎች ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የብስክሌት ውድድር ይደረግ ብለው ወሰኑ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የዛሬው አስፋልት አይምሰላችሁ። ክረምት የጫነ መኪና ያረሰው፣ በጋ ደርቆ የተሰነጠቀ፣ ጠጠሩ እንደ እንቁላል የሚያህል፣ አቧራው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጥርጊያ ነው። ሊቀ መንበሩ መንገዱን ያውቁታል፤ በጭነት መኪና ፊት ወንበር ላይ ተኝተው አልፈውበታል።

ተወዳዳሪዎች አራት ነበርን። አንዱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሦስተኛው እኔ፣ አራተኛው ተሾመ ድሬሰር። ተሾመ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ለማንም የማይወርድ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ያፏጫል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ደወል ይደውልበታል። እኔ እንደዚያ ባደርግ ኖሮ ከአገር በተባረርኩ። እሱን ግን ማንም ደፍሮ አይቀየመውም፤ ነገ ከነገ ወዲያ መቀመጫህን ገልጠህ ፊቱ መተኛትህ አይቀርማ።

የውድድሩ ወሬ ግራዝማች ዘንድ ደረሰ። መሪጌታም ወደ እኔ መጡ።

"በዚያን ቀን ግራዝማች ከነቤተሰባቸው ከሚካኤል ቁልቁለት ወገብ ላይ፣ ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። እኔም ከጎናቸው ነኝ። አየህ፣ ይህ ሁሉ ለማን ብለው እንደሆነ ልነግርህ አይገባም" አሉኝ። "ስትደርስ ትወርዳለህ። ጉልበት ትስማለህ። ትመረቃለህ። ከዚያ ብትበር ብትንከባለል ያንተ ጉዳይ ነው።"

"ያን ጊዜ ተሾመ ካለፈኝሳ መሪጌታ?"

"እኔ ስለ ሚስት ነው የማወራው። አንተ ስለ ምንድን ነው የምታወራው?"

ምክሩ ግልጽ ነበር። ብልህ ሰው ቢሆን ቀስ ብሎ ሄዶ፣ በክብር ወርዶ፣ አራተኛ ወጥቶ፣ ሚስቱን ይዞ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ፈለግሁ። የሻረግ ዋርካው ሥር ቆማ የምታየው ሰው ጨዋም ቀዳሚም እንዲሆን ፈለግሁ። ተሾመ እያፏጨ ካለፈ በኋላ ከኋላው አቧራ ለብሼ ደርሼ ጉልበት ስስም ታየኝና አፈርኩ።

የሒሳብ አስተማሪ በመሆኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ቤተ ክርስቲያን ሁለት ደቂቃ። ቄስ ሦስት ደቂቃ። ሽማግሌ አራት ደቂቃ፤ የከብቱን ጤንነት መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፣ በተለይ ከብቱ ብዙ ከሆነ። ለቅሶን አላስገባሁም፤ ማን እንደሚሞት አስቀድሞ አይታወቅም። ሁሉን ደምሬ ሳየው ተሾመ ቡሬ ገብቶ፣ ምሳ በልቶ፣ እግሩን ታጥቦ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። የጠፋውን ጊዜ የት ላምጣው? ብስክሌቷን ገልብጬ ጎማዋን ሳሽከረክር የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን፣ የጎማውን የብረት ክብ፣ እየፈተገ እንደሚያዘገየው አየሁ። አሰብኩበት። እኔ እኮ ለመውረድ በፍሬን ተጠቅሜ አላውቅም፤ ጫማዬን ጎትቼ ነው የምቆመው። እንግዲህ ፍሬን ለምኔ ነው? አራቱንም ላስቲክ ነቅዬ ጣልኩ። ጎማው ሲሽከረከር አልቆም ሲል ደስ አለኝ፤ ልጆች ጥሩ መልስ ሲሰጡኝ የሚሰማኝን ዓይነት ደስታ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ጸበል ረጩንና ተነሣን። አንድ ምዕራፍ ሳንሄድ ጸሐፊው ከነፍስ አባቱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ወረደ። እኔም ወርጄ መስቀል ተሳለምኩና ወጣሁ። ጸሐፊው ግን ሊወጣ ሲል የነፍስ አባቱ መሪውን ያዙ።

"ከመስከረም ወዲህ አላየሁህም። የት ነበርክ?"

"አባቴ፣ ውድድር ላይ ነኝ..."

"እኔም ያንን ነው የምጠይቅህ። ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው?"

ዘወር ብዬ ሳይ ጸሐፊው ከግራር ሥር ተንበርክኮ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ከመስከረም እስከ ጥር ቀላል ጊዜ አይደለም። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

የነጋዴው ጠላት ደግሞ ደንበኛው ሆነ። ማንኩሳ ሲገባ ከእሱ ጨርቅ የገዛ ባላገር አይቶት ሮጦ መጣ። "ቤቴ ሳትገባማ አታልፍም!" "ውድድር ነው ወንድሜ፣ እመለሳለሁ።" "እንዴት ያለ ነገር ነው? ጎረቤት ምን ይለኛል? በሞቴ!" በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ገባ። አንድ ጽዋ ብቻ ብሎ ገባ። በኋላ እንደ ሰማነው ብስክሌቱ ደጅ ተደግፋ ሳለ ዶሮ ወጥታ ሰፍራባት አደረች።

ቀረን እኔና ተሾመ። ተሾመ ሁልጊዜ ከፊት ነው። እኔ ስወርድ ይርቀኛል፤ እኔ ስወጣ ጥርሴን ነክሼ እከተለዋለሁ። ላብና አቧራ ተደባልቆ ፊቴ ላይ ምርጊት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን አየሁ፣ ወረድኩ። ሦስት ሽማግሎች ተያይዘው ሲመጡ አየሁ፣ ወረድኩ፤ ሦስቱንም የከብት ጤንነት ጠየቅሁ፤ የአንደኛው በሬ ታሞ ነበርና ምልክቱን በዝርዝር ነገሩኝ። ከማንኩሳ እንደ ወጣሁ ደግሞ የፈራሁት ደረሰ። ለቅሶ። ሬሳ ተሸክመው መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። ተሾመ ዘወር ብሎ በገለባው ማሳ ውስጥ ሰንጥቆ አለፈ። እኔ ወረድኩ። ሟቹን አላውቃቸውም፤ ሴት ይሁኑ ወንድ እንኳ አልጠየቅሁም። ብቻ ባርኔጣዬን አውልቄ ሳለቅስ ድካሙም ረዳኝ መሰለኝ እንባዬ ያለ ችግር መጣ። አንዲት ሴትዮ "ይህ ደግሞ የት የነበረ ዘመድ ነው?" ስትል ሰማሁ። የሟች ወንድም ክንዴን ይዞ አጽናናኝ። እንዲህ አልቅሼ ጀርባ ሰጥቼ ልሄድ አልቻልኩምና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ሸኘሁ።

እንግዲህ በቃኝ፣ ተሸነፍኩ ብዬ በቀስታ ስነዳ፣ ከሚካኤል አቀበት ሥር ተሾመን አገኘሁት። በገለባው ውስጥ ሲያልፍ እሾህ ኖሮ ከመነዳሪው፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ተበስቷል። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቀዳዳውን በምራቅ እየፈለገ ይለጥፋል።

"ምን ረስተህ መጣህ መምህር? ያልሳምከው ዛፍ አለ?" አለኝ።

አቀበቱን ገፋሁ። አፋፉ ላይ የሚካኤል ደጅ አለ፤ ወርጄ ተሳለምኩ፤ አሁንም ቸኩዬ እንዳይመስልብኝ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ዘወር ስል ተሾመ ለጥፎ ጨርሶ እያለከለከ ይወጣል። ከፊቴ ቁልቁለቱ። ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ዋርካው። ከዋርካው ሥር ነጭ በነጭ የሆነ ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ መንገድ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያንን ቁልቁለት ግን አንድም ቀን ነድቼ ወርጄው አላውቅም። ምክንያቱም አፋፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እወርዳለሁ፤ ዋርካው ሥር ሽማግሌ አይጠፋም፣ እንደገና መውጣቱ ትርፉ ድካም ነው ብዬ እየገፋሁ በእግሬ አልፋለሁ። ስለዚህ ቁልቁለቱ ምን ያህል ቁልቁለት እንደሆነ የማያውቅ የወረዳው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ። በዚያን ቀን ተሾመ ከኋላዬ ስላለ፣ እስከ ዋርካው ድረስ ነድቼ ሁለት ደቂቃ ላተርፍ ወጣሁ።

መጀመሪያ ነፋሱ ደስ አለኝ። ከዚያ ነፋሱ በዛ። ቀኝ እግሬን አሳልፌ ጫማዬን መሬት ላይ ጣል ባደርግ ሶሉ ተላቅቆ ከኋላዬ ቀረ። በግራው ሞከርኩ፤ ድንጋይ መታኝና ጉልበቴ አገጬን ሳመ። ዋርካው ወደ እኔ መጣ እንጂ እኔ ወደ ዋርካው የሄድኩ አይመስለኝም። ግራዝማች ታዩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን የተደገፉ ሰው፣ እኔ ስመጣ አይተው ለእኔ ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ቤተሰቡ ሁሉ ተነሣ። መሪጌታ ከጎናቸው ፈገግ ብለዋል። የሻረግ ከእናቷ ትከሻ በላይ ታየችኝ።

እኔም እጅ መንሳት ጀመርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? "እንደምን ዋሉ ግራዝማች!" ስል ፊታቸው ደርሻለሁ። ባርኔጣዬን ለማውለቅ አንድ እጄን ስለቅቅ መሪው ወዲያና ወዲህ አለ። "ቤቱ እንደምን ነው?" ስል አልፌያቸዋለሁ። "ከብቱስ?" ስል ጅረቱ ውስጥ ነኝ። ከብቱ እንደምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ጅረቱ በበጋ ቀጭን ነው፤ ውኃውን ሰንጥቄ ማዶውን ጥቂት እንደ ወጣሁ ብስክሌቷ በራሷ ጊዜ፣ ምንም እንዳላደረገች ሆና፣ ቆመች። ወረድኩ። አሁን ወረድኩ። ዘወር ብዬ አየሁ። ዋርካው ሥር ሁሉም እንደ ቆመ ነው። በእግር ብመለስ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አፋፉ ላይ የተሾመ አቧራ ተነሣ።

ቆሜ አሰብኩ። ብመለስ ተሾመ ያልፈኛል። ባልመለስ አንደኛ ሆኜ፣ ሽልማቴን ይዤ፣ ነገሩን አስረዳለሁ፤ ይስቃሉ፤ እንዲያውም ይኮሩብኛል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በጣም ባጭር ጊዜ ነው። ብስክሌቷ ላይ ወጣሁና ሄድኩ።

ቡሬ ስገባ የሚጠብቀኝ ሕዝብ ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም ነበር፤ ብቻ አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ በመኪና ቀድመውኝ ኖሮ ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ሥልጣኔ ተናገሩ፤ ስለ ጎማ ተናገሩ፤ ወጣቱ እንደኔ ሳያቋርጥ ወደ ፊት ብቻ እያየ ይገሥግሥ አሉ። ሽልማቴ የእጅ ባትሪ ነበር። ድንጋይ የለውም። "ድንጋዩን ራስህ ትገዛለህ" አሉኝ በጆሮዬ። ተሾመን ጠበቅን፤ አልመጣም። ሌላም የመጣ የለም። ወዲያው ልመለስ ብል ለአሸናፊው ግብዣ አለ ተባለ። አሸናፊው ሌላ ሰው ባለመኖሩ ቁጭ ብዬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ቁልቁለቱንም እያሳመርኩ ተረክሁት።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ በበቅሏቸው ቡሬ መጡ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ አነጋገሩኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ እንደሆነ ገባኝ።

"ደህና ድንጋይ ፈልግ። ከባድ ይሁን" አሉኝ።

ብስክሌቷን ቡሬ ትቼ፣ ድንጋዩን ታቅፌ ከበቅሎዋ ኋላ ኋላ ተከተልኩ። መንገድ ላይ የተሾመን ነገር ነገሩኝ። ተሾመ ከእኔ ኋላ በዚያው ቁልቁለት ሲበር፣ እንደ ልማዱ ደወሉን እየደወለ ሊያልፍ ሲል፣ የፊት ጎማው መኪና ያረሰው ቦይ ውስጥ ገባ። ከብስክሌቱ በላይ ተነሥቶ በአየር መጣና ግራዝማች እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ። ሁለት እጁ ተዘርግቶ ጫማቸውን ይዟል። ግራዝማች ጎንበስ ብለው፣ "ተነሥ የኔ ልጅ፣ ይህን ያህልስ አይገባም" አሉት። ተሾመ አልተነሣም፤ ራሱን ስቶ ነበር። ቤተሰቡ በትሕትናው ብዛት አለቀሰ።

"የወደቀ እንጂ የወረደ እኮ አይደለም!" አልኩ።

"እሱን አንተ ንገራቸው" አሉኝ መሪጌታ። "ድንጋዩን ተሸክመህ ስትነግራቸው ደህና ይሰማል።"

ግራዝማች ደጅ ስንደርስ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ግራዝማች ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳልናገር እጃቸውን አነሡ።

"አውርደው ልጄ፣ አውርደው። ይቅርታ ብሎ የመጣ ሰው ከደጄ ተሸክሞ አይቆምም። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ሁላችንንም እግዜር ይቅር ይበለን።"

ድንጋዩን አወረድኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል መሪጌታ በደስታ ጀመሩ። "እንግዲህ ጌታዬ፣ ነገሩ የብረቱ ጥፋት ነው። ፍሬን የሚሉት መያዣ አለው አሉ፤ እሱ እንቢ ብሎ ነው እንጂ ልጁስ እርስዎ እንደሚያውቁት ለላም እንኳ የሚወርድ ነው።" እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ላስቲኮቹን ማን እንደ ነቀላቸው ያን ጊዜ መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ግራዝማች ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

"ብረቱ እንቢ ማለቱንማ አይቻለሁ። ጫማው ሲበር፣ ባርኔጣውን ይዞ ሲንገዳገድ አዘንኩለት እንጂ አልተቀየምኩም። 'ውይ ልጄን' ነው ያልኩት፤ መሪጌታ፣ አጠገቤ ነበሩ፣ ሰምተዋል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ግን ጅረቱን ተሻግረህ ቆምክ። ብረቱ ቆመልህ። ዞረህ አየኸን፤ እኛም አየንህ። ቆመን ነበር። ከዚያ ወጥተህ ሄድክ።"

የሁለት ዓመት የመውረድ ትምህርቴ ለዚህ አልጠቀመኝም። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ልጅ ነው፤ ልጅነት ነው" አሉ መሪጌታ። "የመጣንበት ጉዳይስ እንግዲህ..."

"እሱን ለእሷ ትቻለሁ። 'ይመለሳል አባዬ፣ አይቀመጡ፣ አሁን ይመለሳል' ብላ እኔን ሽማግሌውን ፀሐይ ላይ ያቆየችኝ እሷ ናት። እኔ ከተቀመጥኩም በኋላ እሷ ቆማ ነበር።"

ይህን ሲሉ የሻረግ ከጓዳ ወጣች። የሞቀ ውኃ በገበቴ ይዛለች፤ ክንዷ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አለ። ከውስጥ ተሾመ እያቃሰተ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታሰር ለሴቶቹ ያስተምራል። በመደቡ ፊት ስታልፍ ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"አይፍረዱባቸው አባዬ። መምህር ቸኩለው ነው" አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ ገበቴውንም ይዛ ተሾመ ወደተኛበት ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ድሬሰሩን አገባች። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ስለ ቦዩ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ተሾመ አወዳደቅ እያሳቅሁ እተርካለሁ። እውነቱን ግን እኔ ያወቅሁት እዚያው መደብ ፊት ቆሜ ነው። ብትቆጣኝ ኖሮ ተስፋ ነበረኝ። አልተቆጣችም።